ባቡሩ ሰፈሩን ቀድሞ ሲደርስ፦ የኦሬንኮ ጣቢያ የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ መሐል ከተማ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው የማክስ ቀላል ባቡር መስመር እስከ ሂልስቦሮ ከተማ ድረስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1998 ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መስመሩ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከ960 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ በተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻም ያልፋል። ከአዲሶቹ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ የቆሙት ቀድሞ ሰው በሰፈረበት ቦታ ላይ ሲሆን ጥቂቶቹ ግን ሜዳ ላይ ቆሙ። ኦሬንኮ ሜዳ ላይ ከቆሙት አንዱ ነው።

ባቡር ብዙ ጊዜ ሕዝብን ተከትሎ ይመጣል። እዚህ ግን ሐዲዱ ቀድሞ ደረሰ፤ ሰፈሩ ከኋላው ተከተለ። እንዲህ ሲሆን ፕላን አውጪዎች ፊት የሚደቀነው ጥያቄ ከባድ ነው፦ በጣቢያው ዙሪያ ያለው መሬት ለምን አገልግሎት ይዋል? ማን ያልማው? ደግሞስ መቼ?

ስለ ኦሬንኮ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ስለ ውብ ቤቶቹ፣ ስለ በረንዳዎቹና ስለ መናፈሻው ያወራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ትልቁ ቁም ነገር ያለው ከጣቢያው አፍንጫ ሥር ለ15 ዓመት ያህል ሳይገነባበት የቆየው መሬት ላይ ነው። በዚያ መሬት ላይ የተወሰነውና ያልተወሰነው ነገር ዛሬ ያለውን ሰፈር ከየትኛውም ንድፍ በላይ ቀርጾታል።

ከሐዲዱ በፊት የነበረው ክርክር

ኦሪገን በ1973 ባወጣችው የመሬት አጠቃቀም ሕግ መሠረት ከተሞች የዕድገት ወሰን ማስመር አለባቸው። ከወሰኑ ውስጥ ይገነባል፤ ከወሰኑ ውጪ ያለው የእርሻና የደን መሬት ይጠበቃል። የፖርትላንድ አካባቢ ወሰን የተሰመረው በ1979 ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ሜትሮ የተባለው በሕዝብ የሚመረጥ የፖርትላንድ አካባቢ ከተሞች የጋራ አስተዳደር ነው። ይህ ሕግ ባይኖር የኦሬንኮ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። አልሚ ድርጅት ትንሽ ራቅ ብሎ ርካሽ የእርሻ መሬት ማግኘት ከቻለ ጣቢያ አጠገብ ተጠጋግቶ የሚሠራበት ምክንያት የለውም።

የመጀመሪያው የማክስ መስመር ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ፣ እስከ ግሬሻም፣ በ1986 ተከፍቷል። በምዕራብ በኩል ግን በዚያው ዘመን የሚታሰበው ሌላ ነበር፤ የምዕራብ ማለፊያ የተባለ ፈጣን አውራ ጎዳና። ሂልስቦሮ የምትገኝበት ዋሽንግተን ካውንቲ በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ምክንያት በፍጥነት እያደገ ስለነበር የትራፊክ ትንበያዎቹ ሁሉ «ተጨማሪ መንገድ ያስፈልጋል» ይሉ ነበር። ዋን ታውዘንድ ፍሬንድስ ኦፍ ኦሪገን የተባለ ሲቪል ማኅበር የትንበያውን መነሻ ራሱን ተቃወመ። በተለመደው አሠራር የትራፊክ ሞዴሉ «ቤቶቹና መሥሪያ ቤቶቹ እንደ ወትሮው ተበታትነው ይሠራሉ» ብሎ ይነሳና ለዚያ የሚበቃውን መንገድ ያሰላል። ማኅበሩ ያስጠናው ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው፤ «አዲሱ ግንባታ በጣቢያዎች ዙሪያ ቢሰበሰብ ጉዞው ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ውጤቱ በክርክሩ ላይ ክብደት ነበረው፤ አውራ ጎዳናውም በመጨረሻ ከዕቅድ ወጣ።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። የጣቢያ አካባቢ ፕላን ብዙ ጊዜ እንደ ማስዋቢያ ይታያል፤ መስመሩ ከተወሰነ በኋላ አርክቴክት ተጠርቶ የሚቀባው ቀለም ይመስላል። በምዕራብ ፖርትላንድ ግን የመሬት አጠቃቀሙ የመስመሩ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ጎዳናው የቀረው ሰዎች በጣቢያ ዙሪያ ይኖራሉ ተብሎ ነውና፣ በጣቢያ ዙሪያ ቤት ካልተሠራ የክርክሩ መሠረት ይናዳል። ሜትሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያጸደቀው የ2040 የዕድገት ንድፍም ይህንኑ አጠናከረ፤ አዲስ ሕዝብ በማዕከላትና በትራንስፖርት መስመሮች ዙሪያ እንዲሰፍር አቅጣጫ አስቀመጠ።

በመጀመሪያው ዕቅድ መስመሩ የሚያበቃው ከሂልስቦሮ መሐል ብዙ ርቆ፣ 185ኛው ጎዳና ላይ ነበር። የሂልስቦሮ መሪዎች ባቡሩ እስከ መሐል ከተማቸው እንዲደርስ አጥብቀው ተከራከሩና ተሳካላቸው። ኦሬንኮ የሚገኘው በዚህ በተጨመረው ክፍል ላይ ነው።

መሬቱ

ኦሬንኮ የሚለው ስም የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሥፍራው ችግኝ ያፈላ ከነበረው የኦሪገን ነርሰሪ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ለሠራተኞቹ ትንሽ ከተማ ቆረቆረ፤ በ1913 የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ሆነች፤ ኩባንያው ሲዳከም ከተማዋም ሕጋዊ ህልውናዋን አጣች። የዚያን ጊዜ ቤቶች ከፊሎቹ ዛሬም አሉ። የማክስ ሐዲድ በዚህ በኩል የሚያልፈውም የድሮው የኤሌክትሪክ ባቡር ይጠቀምበት በነበረው መስመር ላይ ነው።

ከጣቢያው ሰሜን ያለው ሰፊ መሬት የአንድ የሪል ስቴት ኩባንያ፣ የፓክትረስት፣ ነበር። የተመደበው ለኢንዱስትሪ ነው። ወደ ሰሜን ትንሽ ራቅ ብሎ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ሮንለር ኤከርስ የተባለውን ግዙፍ ግቢውን በ1990ዎቹ እየገነባ ስለነበር፣ ምደባው እንደዚያው ቢቀጥል አንድ ፎቅ መጋዘኖችና በመኪና ማቆሚያ የተከበቡ ፋብሪካዎች ይሠሩበት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለት ነገሮች ይህን አስቀሩት። አንደኛው የባለቤትነቱ ሁኔታ ነው። ከ70 ሄክታር በላይ መሬት በአንድ እጅ መገኘቱ መንገዱን፣ መናፈሻውን፣ ሱቁንና ቤቱን በአንድ ላይ አስቦ ለመንደፍ አስቻለ። መሬቱ በብዙ ትናንሽ ባለይዞታዎች ተቆራርሶ ቢሆን ኖሮ ከድርድሩ መብዛት የተነሳ ፕላኑ ወረቀት ላይ በቀረ። ይህ ዕድል በየትም የሚገኝ ባለመሆኑ ኦሬንኮን እንዳለ ለመቅዳት የሚነሳ ከተማ መጀመሪያ የራሱን የይዞታ ካርታ ማየት አለበት።

ሁለተኛው ብዙም የማይወራለት ጊዜያዊ ደንብ ነው። የትራንስፖርት ድርጅቱ ትራይሜት፣ ሜትሮ፣ ካውንቲው፣ እንዲሁም ፖርትላንድ፣ ቢቨርተንና ሂልስቦሮ መስመሩ ሳይከፈት የጣቢያዎቹን አካባቢ ፕላን በጋራ መሥራት ጀመሩ። ፕላን ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን የግንባታ ፈቃድ ጠያቂው አይተኛም፤ ባቡር እንደሚመጣ ሲሰማ እንዲያውም ይፈጥናል። ስለዚህ ቋሚው ፕላን እስኪጸድቅ ድረስ በጣቢያ አካባቢ ለመኪና ብቻ የሚመቹ ግንባታዎችን የሚያግድና ከተወሰነ ጥግግት (በአንድ ሄክታር ላይ ከሚሠራ የቤት ብዛት) በታች መሥራትን የሚከለክል ጊዜያዊ ደንብ ወጣ። በእኔ እምነት በጠቅላላው ሂደት ከተወሰዱት እርምጃዎች ርካሹና ጠቃሚው ይኸው ነው። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ማንንም አላፈናቀለም። የጠየቀው ነገር ቢኖር ውሳኔው በጊዜ እንዲሰጥ ነው።

ከዚያ የሂልስቦሮ ከተማ የጣቢያ አካባቢ የሚባሉ አዳዲስ የዞን ደንቦችን አጸደቀች። መደበኛው የዞን ደንብ የሚናገረው ስለ ጣሪያ ነው፤ ከዚህ በላይ ቤት አትሥራ፣ ከዚህ በላይ ፎቅ አትውጣ ይላል። የጣቢያ አካባቢው ደንብ ግን ወለልም አስቀመጠ፤ ከዚህ በታች አትሥራ አለ።

ለምን ወለል አስፈለገ? ስሌቱን እንየው። ሰው ሳይሰለች ወደ ጣቢያ በእግሩ የሚሄደው 400 ሜትር ያህል ነው፤ ቢበዛ 800 ሜትር። 400 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ 50 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። መንገዱ፣ ሐዲዱ፣ መናፈሻውና ሌላው ከፊሉን ሲወስድ ለቤት የሚተርፈው 25 ሄክታር ነው እንበል። በሄክታር 30 ቤት ቢሠራ 750 ቤት ይወጣዋል። በሄክታር 120 ቢሠራ 3,000 ቤት ይሆናል። ሐዲዱ ያው ነው፤ ባቡሩም ያው ነው፤ የጣቢያው ወጪም አይለወጥም። የሚለወጠው የተጠቃሚው ብዛት ብቻ ነው። አሳዛኙ ነገር ደግሞ 750ው ቤት አንዴ ተሠርቶ ለ750 ባለቤቶች ከተሸጠ በኋላ መልሶ 3,000 ማድረግ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሚሆን አለመሆኑ ነው። የሚቀጥለው 50 ዓመት እዚያ ላይ ይታሰራል።

መሐሉ ለምን ከጣቢያው ራቀ?

ፓክትረስት ቤቶቹን ከቤት ሠሪው ኩባንያ ከኮስታ ፓሲፊክ ጋር ሆኖ ማልማት ጀመረ። ዕቅዱ 1,800 ያህል መኖሪያ ቤቶችን ያካትታል። ከንድፉ በፊት በአካባቢው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚሠሩ ሰዎች ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልጉ የገበያ ጥናት ተደረገ። የቤቶቹ መልክ ከዚያ የመጣ ነው፦ ጠባብ ይዞታ፣ ወደ መንገድ የሚያይ በረንዳ፣ ከኋላ ባለው ጠባብ መንገድ የሚገባበት ጋራዥ፣ አንዳንዱም ጋር ከጋራዡ በላይ የሚከራይ ትንሽ ቤት። ጋራዡ ወደ ኋላ መሄዱ ቀላል ይመስላል፤ ግን የእግረኛው መንገድ በየአሥር ሜትሩ በመኪና መግቢያ እንዳይቆረጥ ያደረገው እሱ ነው። ልጅ በብስክሌት የሚሄድበት፣ አረጋዊ ሳይሰጋ የሚራመድበት መንገድ የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥቃቅን ውሳኔ ነው።

ብዙ ክርክር ያስነሳው የሰፈሩ የንግድ ማዕከል ቦታ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑት ሕንፃዎች የተሠሩት ጣቢያው አጠገብ ሳይሆን ከጣቢያው ወደ ሰሜን 400 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው፣ ኮርኔል ሮድ በተባለው ትልቅ የመኪና መንገድ ላይ ነው። ከጣቢያው ወደ ማዕከሉ የሚወስድ ቀጥ ያለ የእግር መንገድ ተዘረጋ። ስለ ጣቢያ ተኮር ልማት ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ይገረማል፤ ማዕከሉ ከጣቢያው ተጣብቆ መሠራት አልነበረበትም ወይ?

የአልሚዎቹ መልስ የነጋዴ መልስ ነበር። አዲስ የተከፈተ የከተማ ዳር ጣቢያ ላይ የሚወርደው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም በጠዋትና በማታ ነው፤ ጠዋት ይቸኩላል፣ ማታ ይደክመዋል። ሱቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ይፈልጋል። ኮርኔል ሮድ ላይ መኪናው አይቋረጥም። የመጀመሪያዎቹ ሱቆች በሰፈሩ ነዋሪና በሚያልፈው መኪና ላይ ተደግፈው ካልኖሩ ይዘጋሉ፤ የተዘጋ ሱቅ ደግሞ አዲስ ሰፈርን ገና በለጋነቱ ያጠወልገዋል።

እኔ ውሳኔው ለጊዜው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማዕከሉ ጣቢያው ላይ ቢሠራ ኖሮ የመክሰር ዕድሉ ሰፊ ነበር። ሱቆቹ በሕይወት መቆየታቸው ሰፈሩን አቆመው፤ ሰዎች በእግር የሚሄዱበት ቦታ ኖራቸው። ይሁን እንጂ ዋጋም ተከፍሎበታል። ከባቡር የሚወርድ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ዳቦ የሚገዛበት ቦታ አላገኘም። ጣቢያውና ማዕከሉ ለዓመታት የተለያዩ ሁለት ቦታዎች ሆነው ኖሩ፤ በመካከላቸውም ያ ሜዳ ነበር።

ሜዳው

ከጣቢያው በስተሰሜን ያለው መሬት አብዛኛው ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አልተገነባበትም። ከባቡር የሚወርደውን ሰው የሚቀበለው የመኪና ማቆሚያና ሣር ነበር። ለሚያየው ሰው የፕላኑ ውድቀት ይመስላል፤ እንዲህ ብለው የጻፉም ነበሩ። ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ጥቂት የቀረው ገንዘብ ወጥቶበት ከባቡሩ በር ላይ ሜዳ!

ነገሩ ግን ከግንባታ ኢኮኖሚ አንፃር ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ሁለትና ሦስት ፎቅ ቤት በእንጨት ተሠርቶ መኪናው መሬት ላይ ሲቆም ወጪው ዝቅተኛ ነው። አምስትና ስድስት ፎቅ ሲታሰብ ግን መኪናውን መሬት ላይ ማቆም አይቻልም፤ ቦታ የለም። ስለዚህ ፓርኪንጉ በኮንክሪት ተሠርቶ ከሕንፃው ሥር ወይም ከጎኑ በፎቅ መደርደር አለበት፤ በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ መኪና ማቆሚያ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አሳንሰሩ፣ የእሳት መከላከያው፣ ጠንካራው መሠረትም ይጨመራል። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ኪራዩ ነው። ማንም በማያውቀው አዲስ ሰፈር፣ ሱቅ ገና ባልዳበረበት፣ ኪራዩ ያን ያህል አይወጣም። ባንክም አያበድርም።

ባለመሬቱ በዚያ ጊዜ ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ወይ ገበያው በሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥግግት ወዲያው ሠርቶ መሸጥ፣ ወይ መጠበቅ። ደንቡ የመጀመሪያውን መንገድ ዘግቶበታል። መጀመሪያ ራቅ ያሉት ቤቶችና የኮርኔል ሮድ ማዕከል ተሠሩ፤ እነሱ ሰፈሩን ስመ ጥር አደረጉት፤ ስሙ ኪራዩን ከፍ አደረገ፤ ከፍ ያለው ኪራይ ደግሞ በጣቢያው አጠገብ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች አዋጭ አደረጋቸው። ሆላንድ ፓርትነር ግሩፕ የተባለ አልሚ በ2010ዎቹ አጋማሽ በመቶዎች የሚቆጠሩ አፓርትመንቶችን ከነሱቆቻቸው ከሐዲዱ ዳር ገነባ፤ በጣቢያው አጠገብም አደባባይ ተሠራ። ከባቡር የሚወርደው ሰው አሁን በሰው የተሞላ ሰፈር ይቀበለዋል።

ሁሉም በጥበብ ታስቦ የተደረገ ነው አልልም። መሬቱ ባዶ የቆየው ከፊሉ በ2008 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ነው፤ በዚያ ጊዜ የትም አልተገነባም። መጠበቅም ነፃ አይደለም፤ ለ15 ዓመት ያህል ባቡሩ ሊያገኛቸው ይችል የነበሩ መንገደኞች ቀርተውበታል። ባለመሬቱ አቅም ያለው ኩባንያ ባይሆን ግብሩንና ወለዱን ተሸክሞ ይህን ያህል ባልቆየም ነበር። ከአንድ ወገን ብቻ ትዕግሥት የሚጠይቅ ፕላን ዕድሜ የለውምና፣ ባለመሬቱ አቅመ ደካማ በሆነበት ቦታ ከተማው ራሱ ወይም የትራንስፖርት ድርጅቱ ከጣቢያው አጠገብ ያለውን ቁራሽ ገዝቶ ቢይዝ ይሻላል። መሬቱ የሚረክሰው መስመሩ ከመታወጁ በፊት ነው፤ ከታወጀ በኋላ ያው መሬት የሌላ ሰው ትርፍ ይሆናል።

ነዋሪዎቹ ባቡሩን ይጠቀማሉ?

በፖርትላንድ የሚገኘው ሉዊስ ኤንድ ክላርክ ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2000ዎቹ ውስጥ የኦሬንኮን ነዋሪዎች በተለያየ ጊዜ ጠይቆ መልሳቸውን ከሌሎች ሰፈሮች ጋር አነጻጽሯል። ሁለት ነገር ተገኘ። የመጀመሪያው ደስ ይላል፤ የኦሬንኮ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን ያውቃሉ፣ በሰፈር ጉዳይ ይሳተፋሉ፣ በእግራቸው ወደ ሱቅ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹም ከቀድሞ ሰፈራቸው ይልቅ በሕዝብ ትራንስፖርት አዘውትረው እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። ሁለተኛው ግን ያሳስባል፤ አብዛኛው ነዋሪ ወደ ሥራ የሚሄደው አሁንም ብቻውን በመኪናው ነው።

ይህ የሆነው ለምን እንደሆነ ካርታው ይናገራል። ቀላል ባቡር የሚጠቅመው ጉዞው ከሁለቱም ጫፍ በእግር ሲያልቅ ነው። የኦሬንኮ ነዋሪ ከቤቱ ጣቢያ ለመድረስ አይቸገርም። የሚሠራው ፖርትላንድ መሐል ከሆነ ባቡሩ በሩ ድረስ ያደርሰዋል። ግን ሰፈሩ የተነደፈው በአካባቢው ለሚሠሩ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ነው፤ መሥሪያ ቤቶቻቸው ደግሞ ከሐዲዱ ርቀው፣ ነፃ በሆነ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ተከበው የቆሙ ናቸው። ከቤት እስከ ሥራ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሆነበት ሰው ባቡርን የሚመርጥበት ምክንያት የለም። የመኖሪያውን ጫፍ በጥንቃቄ ነድፎ የሥራውን ጫፍ እንዳለ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ጥግግት የሚጠየቀው ከቤት ብቻ ሳይሆን ከቢሮም፣ ከኮሌጅም፣ ከሆስፒታልም ነው፤ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ሥራ ከጣቢያ አጠገብ መሆኑ ቤት አጠገብ ከመሆኑ ባላነሰ የባቡር ተጠቃሚን ይጨምራል።

ጥናቱን ስናነብ ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። መጀመሪያውኑ በእግር መሄድና ባቡር መሳፈር የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን ሰፈር መርጦ ይገባል። ስለዚህ የታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከሰፈሩ ንድፍ፣ ምን ያህሉ ከሰዎቹ ፍላጎት እንደመጣ መለየት ይከብዳል። ይህ ግን ንድፉን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። እንዲህ መኖር የሚፈልግ ሰው የሚኖርበት ቦታ ማግኘቱ ራሱ አንድ ነገር ነው።

የዘገየው ውሳኔ

ከጉዳዩ ውስጥ እኔን በጣም የሚቆጨኝ የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪው ጉዳይ ነው። በቀላል ባቡር በብዛት የሚሳፈረው መኪና የሌለው ወይም ሁለተኛ መኪና መግዛት የማይችል ሰው ነው። የኦሬንኮ የመጀመሪያ ምዕራፍ ግን የታሰበው ደህና ደመወዝ ለሚያገኝ ባለሙያ ነበር። በገበያ ዋጋ ቤት የሚገዛው ገባ፤ ባቡሩን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሰው ከጣቢያው ራቀ።

ለውጥ የመጣው በ2015 ነው። ሪች የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ የቤት ልማት ድርጅት ከጣቢያው የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ኦርቻርድስ አት ኦሬንኮ የተባለውን መኖሪያ የመጀመሪያ ክፍል ከፈተ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የተሠሩ 57 ቤቶች ነበሩት። ሕንፃው ፓሲቭ ሐውስ በተባለው ጥብቅ የኃይል ቁጠባ ደረጃ የተሠራ ነው፦ ግድግዳውና ጣሪያው በወፍራም መከላከያ ተሸፍኗል፤ አየር በስንጥቅ አያስገባም፤ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው አየር አስረክቦ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በሰሜን አሜሪካ በዚህ ደረጃ ከተሠሩት የመኖሪያ ሕንፃዎች ትልቁ እሱ ነበር። በኋላም ተጨማሪ ክፍሎች ተሠርተዋል።

ይህ ሕንፃ ትክክለኛውን ሒሳብ ያሳያል። ድሃ ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ኪራይ ብቻ አይደለም፤ የማሞቂያው ክፍያ አለ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ ጥገናና ኢንሹራንስ አለ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ሦስቱም አንድ ላይ የቀለሉለት እዚህ ነው። ታዲያ 17 ዓመት ለምን ዘገየ? ባቡሩ ሲታወጅ መሬቱ ርካሽ ሳለ ከእያንዳንዱ ጣቢያ አጠገብ ለእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሆን ቁራሽ ተለይቶ ቢያዝ ኖሮ በዚያው ገንዘብ ከዚህ የሚበልጥ ቤት በተሠራ ነበር። የጥግግቱን ወለል ለማስከበር የደፈረ ደንብ ይህን ለመጠየቅ መድፈር አልቻለም። ሰፈሩ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ለዝቅተኛ ገቢ ቤት የሚሆን መሬት መፈለግ ማለት ባቡሩ ራሱ ያስወደደውን መሬት በውድ መግዛት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ

የኦሪገን የመሬት ጥበቃና ልማት ኮሚሽን በ2022 ያጸደቀው የአየር ንብረት ደንብ በትላልቅ ከተሞች አካባቢ ከባቡር ጣቢያ ሦስት አራተኛ ማይል፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ለሚሠራ ሕንፃ ከተሞች የመኪና ማቆሚያ ግዴታ እንዳይጥሉ ከለከለ። አልሚው ፓርኪንግ መሥራት ይችላል፤ አይገደድም። ከላይ ያነሳሁት የኮንክሪት ፓርኪንግ ወጪ ብዙ ሕንፃዎችን ለዓመታት ያዘገየ ስለሆነ፣ ይህ ደንብ በ1998 ቢኖር ኖሮ ሜዳው ቀደም ብሎ ይሞላ ነበር የሚል ግምት አለኝ።

በኦገስት 2024 ደግሞ እስከ ቢቨርተን ብቻ ይሄድ የነበረው የማክስ ቀይ መስመር ወደ ምዕራብ ተራዝሞ በኦሬንኮ ማለፍ ጀመረ። ቀድሞ አንድ መስመር ብቻ ያገለግለው የነበረው ጣቢያ አሁን ሁለት አለው፤ ያለ ዝውውርም እስከ ፖርትላንድ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ይቻላል። ለመንገደኛ ከፍጥነት ይልቅ የሚያሳስበው መጠበቅ ስለሆነ የባቡሩ መደጋገም ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ኦሬንኮ ነዋሪዎች ጉዞ አሁንም የሚጠቀሱት ቁጥሮች ከሐዲዱ ዳር ያሉት አፓርትመንቶች ከመሠራታቸው በፊት፣ ከጣቢያው ራቅ ብለው በየራሳቸው ቤት ከሚኖሩ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። ዛሬ ከጣቢያው ሁለት ደቂቃ ርቆ የሚኖረው ተከራይ፣ የኦርቻርድስ ቤተሰብ፣ ቀይ መስመሩን የሚጠብቀው መንገደኛ በዚያ ጥናት ውስጥ የሉም። ጥናቱ በዚያው መጠይቅ፣ በዚያው ሰፈር እንደገና ቢደረግና መልሱ ከጣቢያው ባለ ርቀት ተከፋፍሎ ቢቀርብ፣ መሬቱን ይዞ መጠበቁ ምን ያህል እንዳዋጣ በቁጥር ማየት ይቻል ነበር፤ አሁን በየቦታው ጣቢያ እየሠሩ ያሉ ከተሞችም ከአልሚዎች ጋር ሲደራደሩ በእጃቸው የሚይዙት ማስረጃ ያገኙ ነበር።